ከአለቃ ቦርሳ ወደ መሬት ማኅተም

በወረዳ ከተሞቻችን ሹመት ሲነገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አስተዳዳሪው ማን ሆነ? መሬትስ ለማን ተሰጠ? ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ባህልና ቱሪዝሙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አንበሳሜም ሂዱ ወረታ፣ ደብረ ታቦርም ሂዱ ባሕር ዳር፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ሕዝቡ ይህን ከማንም አልተማረም። የትኛው ወንበር እስከ ጓሮው ድረስ እንደሚመጣበት ስለሚያውቅ ነው።

ወደዚያ ወንበር የሚወስደውን መንገድም ታውቁታላችሁ። ልጁ ተመርቆ ይመጣል። ምን እንደተማረ ብዙም አይጠየቅም። ወጣት ሊግ ይገባል፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ትንሽ ቆይቶ የአስተዳዳሪው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቦታ ያገኛል። ቦርሳ ይይዛል፣ ስልክ ያነሳል፣ «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል፣ የመስክ ጉብኝት ያዘጋጃል፣ ሪፖርት ያሳምራል፣ አለቃው የሚያነቡትን ንግግር ይጽፋል። ታማኝ ነው፣ ምስጢር ይጠብቃል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ካገለገለ በኋላ የሹም ሽር ወቅት ይደርስና አንድ ቀን ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነሃል። ትናንት የሰው ቦርሳ የያዘ እጅ ዛሬ የመሬት ማኅተም ይይዛል።

ይህ ልጅ ሌባ ነው አላልኩም። ብዙዎቹ ሌባ አይደሉም። ጎበዝም ሊሆን ይችላል። ነገሩ የእሱ ጠባይ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ጥሩ ልጅ ፈልጎ መሾም። ክርክሬ ግን ሌላ ነው። የሕዝብ የሆነውን መሬት የሚያስተዳድር ሰው ተጠሪነቱ ለመዝገቡና ለባለይዞታው መሆን አለበት። ለአለቃ በመታመን የተገኘ ወንበር ደግሞ የሚታመነው ለአለቃ ነው። ስለዚህ ተሿሚው መልአክ ቢሆን እንኳ፣ በዚህ መንገድ የሚሾም ሥርዓት መሬቱን ከሕዝቡ እጅ አውጥቶ በሿሚው ኪስ ያስቀምጠዋል።

ማኅተሙ ምን ያደርጋል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ የቀለለ ጥያቄ ነው። «መንግሥትና ሕዝብ» የሚባለው ባለቤት እጅ የለውም፣ እግር የለውም፣ ብዕር አይጨብጥም። በእሱ ስም የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። የሚፈርመው ማን ነው? ወረዳው ላይ የሚፈርመው ያ ልጅ ነው።

የሚፈርመውን ደግሞ እንዘርዝረው። አባት ሲሞት የውርስ ዝውውር ይመዘገባል። እናት ለልጇ ቁራጭ መሬት ስትሰጥ ስጦታው ይመዘገባል። ኪራይ ይመዘገባል። ደብተር ይታደሳል፣ ስም ይስተካከላል፣ ወሰን ይለካል። የወል ግጦሹ የቱ ጋ እንደሚያበቃና የግለሰቡ እርሻ የቱ ጋ እንደሚጀምር ይወሰናል። ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጥ ኮረብታ፣ የድንጋይ ካባ ወይም የአሸዋ ቦታ ይለያል። ከተማ ሲሰፋ የማን ማሳ እንደሚነካ ይታወቃል።

የካሳውን ነገር ብቻ ውሰዱ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት እርሻውን የተነጠቀ ገበሬ የሚከፈለው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጁ በቁጥር 1161 ሲተካ ስሌቱ ለገበሬው ተሻሻለ። ሁለቱም ግን የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፤ መሬቱ ላይ ምን ይበቅል ነበር፣ ምን ያህልስ ያስገኝ ነበር? ይህ መልስ ከሰማይ አይወርድም፣ ከመዝገብ ይወጣል። አንድ ቃዳ መሬት መዝገቡ ላይ «ሩዝ» ተብሎ ሲጻፍና «ረግረግ» ተብሎ ሲጻፍ አንድ አይደለም። በሁለቱ ቃላት መካከል የአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ ኑሮ አለ። ቃሉን የሚጽፈው ማን እንደሆነና ማንን እንደሚፈራ ማወቅ ስለዚህ የፖለቲካ ወሬ አይደለም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባንም ተመልከቱ። በጥር 2013 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ራሱ ባወጣው መግለጫ ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን ነግሮናል። ያን ያህል መሬት ማንም ሳያይ በአንድ ሌሊት አይታጠርም። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው አይቶ ዝም ብሏል፣ ወይም «ዝም በል» ተብሏል። ሁለተኛው ነው የሚያሳስበኝ። ዝም በል ሲባል ዝም የማለት ችሎታ የሚለመደው የአለቃ ቦርሳ ሲያዝ ነው።

ሜዳው ምን ይነግረናል?

የፎገራ ሜዳ ለዚህ ክርክር ከየትኛውም ቦታ የተሻለ ምስክር ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈስሱበታል፣ ጣናም ወደ ላይ ይገፋል፣ ሜዳው ውኃ ይለብሳል። ድሮ ይህ ውኃ እንደ ጣጣ ነበር የሚታየው። በዳርቻው ያለው ረግረግ ሲደርቅ የከብት ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ከብት የሚባለው ስመ ጥሩ ዝርያ ያደገውም በዚህ የወል ሣር ላይ ነው። ከዚያ ሩዝ መጣ። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በደራ ወረዳ ጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ሻጋ ላይ የተሞከረው ሩዝ ቀስ በቀስ ሜዳውን በሙሉ ያዘው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ።

ሩዙ በረከት ነው፣ አልክድም። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በሩዝ ነው። ነገር ግን ሩዙ አንድ ነገር ገልብጧል። ውኃ የሚተኛበት፣ ማንም የማይጓጓለት ጭቃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሜዳው ውድ መሬት ሆነ። ወላላና ሸሸር የሚባሉት ረግረጎች እየጠበቡ፣ ዳርቻቸው እየታረሰ ሄደ። የወል ግጦሹ ተቆራረጠ። ግጦሹ ሲጠፋ የፎገራ ከብት ቁጥሩም ንጽሕናውም ተመናመነ። ይህን ሁሉ አንድ ኃላፊ ተነሥቶ አደረገው አልልም። የሕዝብ ብዛት አለ፣ የሩዝ ዋጋ አለ፣ የሚበላ የሌለው ሰው አለ።

ግን እስቲ አስቡት። ዋጋ የሌለው የወል መሬት ድንገት ዋጋ ሲያወጣ፣ ሊጠብቀው የሚችለው ብቸኛ ነገር ምንድን ነው? ወሰኑን የሚያውቅ፣ መዝገብ የያዘና «ይሄ የወል ነው፣ አይነካም» ብሎ ለሁሉም እኩል የሚናገር መሥሪያ ቤት ነው። ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለባለሀብት፣ ለባለሀብት ብቻ ሳይሆን ለአስተዳዳሪውም ጭምር። የወል መሬት የግል ጠበቃ የለውም። የግል ማሳ ሲነካ ባለቤቱ ጎራዴ ይመዛል፣ «በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም» ይላል። የወሉ ሲነካ ግን ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። ስለዚህ የወል መሬት ከማንኛውም መሬት ይልቅ «እንቢ» ማለት የሚችል ኃላፊ ያስፈልገዋል። እንቢ ማለት ደግሞ የአለቃ ረዳት ከሥራው የተማረው ነገር አይደለም። እንቢ ቢል ኖሮ እኮ እዚህ አይደርስም ነበር።

1989 ዓ.ም.

«ታማኝነት ምን ችግር አለው?» የሚለኝ ሰው ካለ ወደ 1989 ዓ.ም. ልውሰደው። ያኔ በአማራ ክልል፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ ክፍሎች የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። የመሬት ጥበት ነበር፣ መሬት አልባ ወጣት ነበር፤ ሽግሽጉ ራሱ ከባዶ ሜዳ የመጣ ሐሳብ አልነበረም። መስፈርቱ ግን መሬት አልነበረም። ገበሬው በቡድን በቡድን ተከፈለ። በንጉሡም ሆነ በደርግ ጊዜ ሹመት ቢጤ የነካ ሰው፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረ፣ ጸሐፊ የነበረ ሁሉ «ቢሮክራት» ወይም «ቀሪ ፊውዳል» ተባለ። ለእነዚህ የሚተውላቸው መሬት ጣሪያው አራት ጥማድ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ የሌላው ገበሬ ጣሪያ እስከ ሦስት ሄክታር ነበር።

ልብ በሉ፤ «ቢሮክራት» የሚለው ቃል በከተማ የቢሮ ሠራተኛ ነው። እርሻው ላይ የሚውል፣ በሬ የሚጠምድ፣ እግሩ ጭቃ የነካ ሰው በአንድ ቀን ስብሰባ ቢሮክራት ሆኖ አደረ። መለኪያው ምን ያህል ያርሳል፣ ስንት ልጅ አለው፣ መሬቱን እንዴት ያዘው አልነበረም። ለማን ነበር የታመንከው? ይህ ነበር። ያንን ሚዛን የያዙት ደግሞ ለአዲሱ ሥርዓት የታመኑት ናቸው። ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። መሬቱ ግን አልተመለሰም።

በኋላ ክልሉ ራሱ ስሕተቱን በሕግ ቋንቋ አመነ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133 በአንድ ቀበሌ ድልድል እንዲደረግ ከባለይዞታዎቹ 80 በመቶው መስማማት እንዳለባቸው አስቀመጠ። የደብተር ሥራውም ተሠራ፤ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተመዘገቡ፣ ፎቶ ተለጠፈ። ገበሬው ያቺን ደብተር ከልጁ የክርስትና ምስክር ወረቀት ጋር ሣጥን ውስጥ የሚቆልፋት የወረቀት ፍቅር ስላለበት አይደለም። 1989ን ስለሚያስታውስ ነው። ደብተሩ «ይህ መሬት የእኔ የሆነው ማንንም ስለደገፍኩ አይደለም» የሚል ቃል ነው። ታዲያ ያን ደብተር የሚያትመውንና የሚያርመውን ወንበር መልሶ በድጋፍ መዝኖ መስጠት ምን ይባላል? በሩን ቆልፎ ቁልፉን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ነገሩ ጥንታዊ ነው። ነገሥታቱ ያገለገላቸውን ሰው በጉልት ይክሱት ነበር። ባለ ጉልቱ መሬቱን አያርስም፣ ከአራሹ ላይ ግብር ይበላል፤ የሚበላውም ንጉሡን ወይም መስፍኑን ስላገለገለ ነው። ጉልት በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። በሕግ ተሻረ እንጂ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ ለታማኝ አገልጋይ የሚሰጠው መሬቱ አይደለም፣ የመሬቱ ወንበር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለጉልተኛ የተባለ ይመስላል፤ ለመሬት ጽሕፈት ቤት ስትሉትም አንዲት ፊደል አይለወጥም።

የሌላ አገር 1989

እዚህ ጋ አንድ ሰው «በየትኛው አገር ነው መሬት በፖለቲካ የማይሾምበት?» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትልቁን ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚባል የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። የሚያስተዳድረው 245 ሚሊዮን ኤከር ነው። በእኛ ሲሰላ 99 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ከመላው የኢትዮጵያ ስፋት በጥቂት የሚያንስ ማለት ነው። ግጦሹ፣ ነዳጁ፣ ማዕድኑ፣ በረሃው ሁሉ በእሱ ሥር ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ባይደን ለዚህ ወንበር ትሬሲ ስቶን-ማኒንግን አጩ። ሴትዮዋ ልክ እንደኛው ልጅ የፖለቲከኛ ረዳት ነበሩ። የሞንታናው ሴናተር ጆን ቴስተር ረዳት ሆነው ሠርተዋል፤ የገዢው ስቲቭ ቡሎክም የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። እና ምን ተፈጠረ? ሴኔት ፊት ቀረቡ። ተማሪ ሳሉ በ1989 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ነገር ተቆፍሮ ወጣ። ዛፍ እንዳይቆረጥ ግንድ ውስጥ ሚስማር የመቱ ሰዎችን ደብዳቤ እሳቸው በታይፕ ጽፈው ለደን መሥሪያ ቤት ልከው ነበር። ከ32 ዓመት በኋላ በአገር ፊት ተጠየቁበት። ተቃዋሚዎቻቸው አንድም ነገር አላስቀሩላቸውም። በመጨረሻ በ50 ለ45 ድምፅ ጸደቁ።

የእሳቸው ሹመት ትክክል ነው ወይስ ስሕተት የሚለው አይመለከተኝም። የሚመለከተኝ ሌላ ነው። አንደኛ፣ የመሬት ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ከረዳትነት ሌላ ሥራም ነበራቸው፤ ወንዝ የሚያስጸዳ ማኅበር መርተዋል፣ የክፍለ ግዛታቸውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስተዳድረዋል። ሁለተኛ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የዚህ ቢሮ ዳይሬክተር በሕዝብ መሬትና በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ሰፊ ዕውቀትና በቂ ልምድ ያለው መሆን አለበት ብሎ በጽሑፍ አስቀምጧል። መመዘኛው በሕጉ ውስጥ ስላለ ተቃዋሚው ሊጠቅሰው ይችላል። ሦስተኛ፣ ጥያቄው የተጠየቀው ማኅተሙ ከመሰጠቱ በፊት፣ በር ተከፍቶ ነው።

ይህን በር ዘግቶ ለማለፍ የሞከረም ነበር። ከእሳቸው በፊት በነበረው አስተዳደር ዊልያም ፔሪ ፔንድሊ የተባሉ ሰው ሴኔት ሳያጸድቃቸው የዳይሬክተሩን ሥራ ይሠሩ ነበር። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል ዳኛ ሰውየው 424 ቀን ከሕግ ውጭ እንደሠሩ ወሰነ። አስከትሎም በዚያ ጊዜ ሞንታና ውስጥ የጸደቁ የመሬት አጠቃቀም ዕቅዶችን ሻረ። እስቲ በእኛ ወረዳ አስቡት። ከሕግ ውጭ የተመደበ ሰው የፈረመው ሁሉ በፍርድ ቤት ይሻራል ቢባል ስንት ካርታ ይተርፋል?

አሜሪካ ገነት ናት ማለቴ አይደለም። የፖለቲካ ሹመታቸው ሞልቷል፣ የነዳጅ ኩባንያዎችም አያንቀላፉም። ልዩነቱ አንድ ነው። እዚያ የአለቃ ረዳት መሬት ላይ ሲሾም ይጣሉበታል። እኛ ጋ «እንኳን ደስ አለህ» እንለዋለን።

«ግን እኮ...»

የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው። «ባለሙያ ቢሾምስ? ባለሙያም ይሰርቃል።» ልክ ነው፣ ይሰርቃል። ባለሙያ መሾም ሌብነትን አያጠፋም። ነገር ግን ባለሙያው ለሌላ ነገር ተጠሪ ነው፤ ለሙያው፣ ለመዝገቡ፣ ከሹመቱ በፊት ለነበረው ስሙ። ከወንበሩ ቢነሳ የሚሠራው ሥራ አለው። ያ ልጅ ግን ከወንበሩ ሲነሳ ምንም የለውም፤ ስለዚህ ወንበሩን የሰጠውን ሰው ማስቀየም አይችልም። ሰውን ከምንም በላይ ታዛዥ የሚያደርገው መመለሻ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል። «መሬት ፖለቲካ ነው፤ ፖለቲከኛ ካልያዘው ለውጥ አይመጣም።» ይህንን አከብረዋለሁ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ፖለቲካ ነበር። የጭሰኛውን ኑሮ ሊያሻሽል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ባለ መሬቶች በሞሉት ፓርላማ ውስጥ ተቀብሮ የቀረውም በፖለቲካ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣም ፖለቲካ ነበር። ግን የዚያን ጊዜውን ሚኒስትር ዘገየ አስፋውን ተመልከቱ። የሕግ ሰው ናቸው። ከአብዮቱ በፊት በዚያው በመሬት ይዞታ አስተዳደር ሚኒስቴር ውስጥ ሠርተዋል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጭሰኛው ምን እንደሚከፍል፣ ርስቱ ከጉልቱ በምን እንደሚለይ ያውቁ ነበር። ፖለቲካው ከዕውቀቱ ጋር መጣ እንጂ በዕውቀቱ ፋንታ አልመጣም። ያው የሾማቸው መንግሥት በኋላ አሰራቸው፤ ይህም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። አለቃው የሚወደው ሰውና መሬቱ የሚፈልገው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው መልስ የዘመናችን ነው። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና የምን መመዘኛ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜና በግጭት ውስጥ አልፏል። ታማኝ ሰው እንኳ አይገኝም።» ይህን መልስ የሚሰጡኝ ሰዎች ነገሩን የገለበጡት ይመስለኛል። ቢሮ በተዘጋበት፣ መንገድ በተቋረጠበት፣ ሰው ቀዬውን ጥሎ በሄደበት ጊዜ የመሬት ዝርፊያ ከምንጊዜውም በላይ ቀላል ነው። የሄደው ሰው ሲመለስ ማሳው የእሱ መሆኑን የሚመሰክርለት መዝገብ ነው። በግጭት ጊዜ ለአንድ ወገን የታመነ የመሬት ኃላፊ ማስቀመጥ፣ ግጭቱ ሲያበቃ ለሚነሳው ጠብ ዛሬ እንጨት መልቀም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በየቀበሌው ሕዝብ የሚመርጣቸው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች አሉ። ደሞዝ የላቸውም። የደብተሩ ሥራ ሲሠራ ገመድ ይዘው ከማሳ ማሳ የዞሩት፣ «ይህቺ ድንበር በአያቱ ጊዜ ከዚህ ዋርካ ወዲህ ነበረች» ብለው የመሰከሩት እነሱ ናቸው። ሲያጠፉ ጎረቤታቸው ፊት ለፊት ይነግራቸዋል፣ ለቅሶ ቤት ያገኛቸዋል፣ ጽዋ ላይ ያፍራሉ። ከላይ የተቀመጠው ኃላፊ ግን በሁለት ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ማን ለማን ተጠሪ መሆን አለበት? ዕውቀቱ ታች፣ ማኅተሙ ላይ፤ መካከላቸው ደግሞ አንድ የሹመት ደብዳቤ። ይህ ነው መገልበጥ ያለበት።

የምጠይቀው አምስት ነገር ነው። አንድ፣ ለመሬት ኃላፊነት መመዘኛው በሕግ ይጻፍ፤ በመሬት፣ በቅየሳ፣ በሕግ ወይም በተፈጥሮ ሀብት ሥራ የተቆጠረ ዓመት ይኑረው። ሁለት፣ ከባለሥልጣን ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ወደ መሬት ወንበር መዝለል ይከልከል፤ ቢያንስ በመካከል የጥቂት ዓመት ክፍተት ይኑር። ሦስት፣ ዕጩው በወረዳው ምክር ቤት ፊት፣ የቀበሌ ኮሚቴዎቹ ባሉበት፣ በር ተከፍቶ ይጠየቅ። አራት፣ የየቀበሌው የወል መሬት ካርታና ስፋት በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ስፋቱ ሲቀንስም ለማን እንደተሰጠ አብሮ ይጻፍ። አምስት፣ ኃላፊው የተወሰነ የሥራ ዘመን ይኑረው፤ በግምገማ ሳይሆን በተጻፈ ጥፋት ብቻ ይነሳ። ወንበሩ ነገ እንደማይነጠቅ የሚያውቅ ሰው ነው ዛሬ «እንቢ» የሚለው።

ከአምስቱ አራተኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ትልቅ ወረቀትና አራት ሚስማር ነው። ከአምስቱ በጣም የሚፈራውም እሱ ነው፤ ለምን እንደሚፈራ ራሳችሁ አስቡት።

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ መሬት የላችሁም። ደብተሩ በአባታችሁ ወይም በእናታችሁ ስም ነው፤ ቁራጯ ለአራት ለአምስት ወንድማማች አትበቃም። «ተደራጁ፣ የወል መሬት ይሰጣችኋል» ተብላችሁ ፎርም ሞልታችሁ ይሆናል። ስማችሁ ከዝርዝሩ ላይ ለምን እንደወጣ፣ የማን ስም እንደገባ አልተነገራችሁም። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ያ ልጅ ናችሁ፤ አሁን ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዙት፣ አለቃ ሲያልፍ ብድግ የምትሉት። ለእናንተም ነው የምናገረው። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ይህን ወንበር የሰጡኝ መሬት ስለማውቅ ነው ወይስ እኔን ስለሚያውቁኝ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ደብዳቤውን መልሱ። የወል መሬቱን የሚበላው ሰው አስቀድሞ የሚበላው የእናንተን ስም ነው፤ የሚፈርመው የእናንተ እጅ ነውና።